ጀማሪ እንዴት ይጠይቅ? ስለ ሬይመንድና ስለ ሞይን የአጠያየቅ መመሪያ የቀረበ ሒስ

ኮምፒዩተርን በፕሮግራም ማዘዝ የጀመረ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር እንቅፋት ያገኘዋል። የጻፈው ኮድ አልሠራም ይለዋል፤ ወይም ሠርቶ ያልታሰበ ውጤት ያወጣበታል። የመማሪያ መጽሐፍ የሚናገረው በትክክል ስለሚሠራው ምሳሌ ስለ ሆነ ተማሪው የራሱን ስሕተት በውስጡ አያገኝም፤ መምህሩም ሁልጊዜ በአጠገቡ አይቀመጥም። ስለዚህ ፊቱን አይቶት ከማያውቅ ሰው፥ በጽሑፍ፥ ርዳታ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። ይህን የአጠያየቅ ሥርዐት ለማስተማር ከተጻፉት ሁሉ በጣም ከታወቁት አንዱ ኤሪክ ሬይመንድ የተባለው አሜሪካዊ ከሪክ ሞይን ጋር ሆኖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ያወጣው ጽሑፍ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጥያቄን በብልኀት የመጠየቅ ዘዴ» እንደ ማለት ነው። ጽሑፉ ከታወቀ በኋላ ብዙ የፕሮግራም ሠሪዎች ማኅበር ጀማሪን ሁሉ «አስቀድመህ ይህን አንብብ» እያለ ወደ እርሱ ስለ ላከ፥ ደራሲዎቹ «እኛ የማንም ፕሮግራም የርዳታ ክፍል አይደለንም» የሚል ማስጠንቀቂያ በመግቢያው ላይ ለመጨመር ተገድደዋል።

የዚህ ሒስ ዐላማ መመሪያው ማንን እንደሚጠቅምና ማንን በደጅ እንደሚያስቀር መመርመር ነው። ጉዳዩም ለኛ የሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ሥልጠና በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ጀምሯል። ትምህርቱ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ስለ ሆነ መምህርና ተማሪ ፊት ለፊት አይገናኙም። ከታሰቡት ሠልጣኞች እያንዳንዱ በዕድሜው አንዲት ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ እንኳ 5 ሚሊዮን ጥያቄ ይሆናል። እነዚህ ጥያቄዎች የት ይሄዳሉ? ማንስ ይመልሳቸዋል? እንዴትስ ሆነው ቢጻፉ መልስ ያገኛሉ?

መመሪያውን ለመመዘን በሐሳባችን አንድ ተማሪ በተልተሌ እናስቀምጥ። ተልተሌ በቦረና ዞን ከያቤሎ በስተ ምዕራብ የሚገኝ፥ አብዛኛው ሕዝቡ በከብት ርባታ የሚኖርበት ወረዳ ነው። ይህ ተማሪ በኦሮሚያ ክልል ሥርዐት እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሯል፤ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርትና በገበያ ለምዷል፤ ከ9ኛ ክፍል ወዲህ ደግሞ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሆኖበታል። መመሪያው የሚያውቀው ተማሪ እንዲህ ያለ እንዳይደለ ወደ ፊት እናያለን፤ ነገር ግን አስቀድሞ የመመሪያውን በጎነት መናገር ይገባል።

የመመሪያው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ጠያቂው ከመጠየቁ በፊት መጽሐፉን ያንብብ፥ መዝገቡን ይፈልግ፥ በራሱም ይሞክር። ሲጠይቅ በርእሱ ላይ ጉዳዩን በግልጽ ያስታውቅ። ያየውን ምልክት ይንገር እንጂ የገመተውን ምክንያት አያስቀድም። የሆነውን በሆነበት ተራ ይጻፍ። የመጨረሻ ዐላማውን ይግለጽ እንጂ የቆመበትን አንድ ርምጃ ብቻ አይጠይቅ። «አስቸኳይ ነው» እያለ ሰው አያጣድፍ። መልስ ባገኘ ጊዜም ችግሩ በምን እንደ ተፈታ ተመልሶ ይጻፍ፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው እንዲጠቀምበት።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ መልካምነቱም በምሳሌ ይታያል። የተልተሌው ተማሪ ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሁለት በረት ከብት የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን በረት ቁጥር ይጠይቃል፤ 12 ብሎ ያስገባል። የሁለተኛውን ይጠይቃል፤ 30 ብሎ ያስገባል። መልሱ 42 ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ በስክሪኑ ላይ 1230 ወጣበት። ተማሪውም ደንግጦ «እርዱኝ! ፕሮግራሜ አይደምርልኝም። በጣም አስቸኳይ ነው» ብሎ ቢጽፍ ማንም ሊረዳው አይችልም። ምን እንደ ጻፈ፥ ምን እንዳስገባ፥ ምን እንደ ወጣለት የሚያስረዳ አንድም ቃል የለበትም። ይኸው ተማሪ መመሪያውን ተከትሎ ቢሆን ግን እንደሚከተለው ይጽፍ ነበር፦

«የሁለት በረት ከብት ለመደመር ከዚህ በታች ያለውን ሦስት መስመር ጻፍሁ። 12 እና 30 ባስገባ 42 ይወጣል ስል 1230 ወጣ። ቁጥሮቹን ራሴ በኮዱ ውስጥ ስጽፋቸው ግን 42 ይወጣል። ልዩነቱ ከምን መጣ?»

ይህን ያነበበ ባለሙያ በአንድ ደቂቃ ይመልሳል። ፓይተን ሰው ከገበታው ላይ የሚያስገባውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ይቀበላል፤ የመደመር ምልክትም በሁለት ጽሑፎች መካከል ሲገባ ያያይዛቸዋል እንጂ አይደምራቸውም። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ ሙሉ ቁጥር መለወጥ ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ጠያቂው «በኮዱ ውስጥ ስጽፋቸው ግን ይደምራል» ሲል የመልሱን ግማሽ ራሱ አግኝቶታል። በሚገባ የተጻፈ ጥያቄ ጠያቂውን ራሱን ያስተምረዋል፤ መመሪያው ይህን ማሳየቱ ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል። ሳይመን ታተም የተባለው እንግሊዛዊ ፕሮግራመርም ከእነርሱ ቀደም ብሎ በ1999 ስለ ስሕተት አገላለጽ በጻፈው ጽሑፍ ተመሳሳይ ትምህርት ሰጥቷል፤ የርሱ ግን ከማዘዙ ይልቅ ምክንያቱን ማስረዳቱ ይበዛል።

እንግዲህ ወደ ነቀፌታው እንምጣ። የመጀመሪያው ነቀፌታችን «ከመጠየቅህ በፊት ፈልግ» በሚለው ትእዛዝ ላይ ነው። ለመፈለግ የሚፈለገውን ነገር ስም ማወቅ ያስፈልጋል። የጀማሪ ችግር ደግሞ በአብዛኛው ስሙን አለማወቁ ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ ኮምፒዩተሩ አንዳች የስሕተት መልእክት አላወጣም፤ ሥራውን በሰላም ፈጽሞ 1230 ብሎ ዝም አለ። ተማሪው መልእክቱን ገልብጦ እንዳይፈልግ መልእክት የለም። የሚፈልገው ነገር በባለሙያዎች ዘንድ «የዐይነት ለውጥ» የሚባለው መሆኑን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መጠየቅ ባላስፈለገውም ነበር።

ይህን ነገር የአገራችን የመዝገበ ቃላት አንባቢ በሚገባ ያውቀዋል። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ መዝገበ ቃላት የፊደሉን ተራ በአበገደ ያስኬዳል፤ ቃሉንም በግሡ ሥር ያስቀምጣል። ሀለሐመን ብቻ የተማረ ልጅ መጽሐፉን ገልጦ አንድ ቃል ቢፈልግ ያጣዋል፤ ያጣውም ከስንፍና የተነሣ አይደለም። አንድ ሰው ተራውን አሳይቶት «ግሡ ይህ ነው» ቢለው ግን ከዚያ በኋላ ራሱን ችሎ ይፈልጋል። ጀማሪው የሚለምነው ይህችን የመጀመሪያ ምልክት ነው። መመሪያው ግን መዝገቡን ያልፈለገና ፈልጎ መግቢያውን ያጣ ሰው በመልክ ተመሳሳይ መሆናቸውን አይቶ ሁለቱን በአንድ ስም፥ በስንፍና ስም፥ ሊፈርድባቸው ይቸኩላል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ ቋንቋ ነው። ደራሲዎቹ የተዝረከረከ አጻጻፍ የተዝረከረከ አሳብ ምልክት ነው ይላሉ፤ ፊደልና ሰዋስው እንዲጠነቀቅ ያዝዛሉ። እውነት ለመናገር፥ ጥያቄው የቀረበበት ቋንቋ የአፍ መፍቻው ላልሆነ ሰው ጥቂት ምሕረት ያደርጋሉ፤ ያም ሰው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው አለመሆኑን አስቀድሞ ቢናገር መልካም ነው ይላሉ። የመላሾቹን ቋንቋ የማያውቅም በእንግሊዝኛ ይጻፍ ይላሉ። ምክሩ ለሥራ ይመቻል፤ ከሥሩ ያለው ፍርድ ግን ልክ አይደለም። የተልተሌው ተማሪ በሦስተኛ ቋንቋው ሲጽፍ ግሡ ከባለቤቱ ጋር ላይስማማ ይችላል፤ ያስተዋለው ነገር ግን የጠራ ሊሆን ይችላል። 12፥ 30፥ 1230 የሚሉት ሦስት ቁጥሮች ሰዋስው አያስፈልጋቸውም። የጥንቃቄ ምልክት በቁጥሮቹና በኮዱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መላሹ በፊደል ግድፈት ላይ ዐይኑን ከተከለ የተሳሳተው ጠያቂው አይደለም።

ስለ ፊደል ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። የግእዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዐት ውስጥ ገብቷል። በ2008 የወጣው ሦስተኛው ፓይተንም ተለዋዋጮችን በግእዝ ፊደል መሰየም ይፈቅዳል፤ ተማሪው ቢሻ የከብቱን ቁጥር «በረት» ብሎ መጥራት ይችላል። የትእዛዞቹ ቃላትና የስሕተት መልእክቶቹ ግን እንግሊዝኛ እንደ ሆኑ ናቸው። ይኸው ተማሪ ከገበታ በተቀበለው ጽሑፍ ላይ 5 ለመደመር ቢሞክር ፓይተን «ታይፕ ኤረር» ብሎ፥ ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር እንጂ ከሙሉ ቁጥር ጋር ማያያዝ እንደማይቻል ይነግረዋል። መልእክቱ ለሚያነበው ሰው ፍጹም ግልጽ ነው። ለተማሪው ግን «ማያያዝ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትምህርት ቤትም በገበያም ሰምቶት የማያውቀው ነው። እንግዲህ በጥያቄው ውስጥ ሁለት ችግሮች ተደርበዋል፤ አንዱ የፕሮግራም፥ ሁለተኛው የትርጉም። መመሪያው የሚያየው አንዱን ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነቀፌታችን መመሪያው ስለሚቈጥረው ኪሣራ ነው። ደራሲዎቹ የሚናገሩት በሀከሮች ስም ነው፤ ሀከር ሲሉም ሰብሮ የሚሰርቀውን ሳይሆን ሙያውን የሚወድ ብልኅ ሠራተኛ ማለታቸው ነው። እነዚህ ሰዎች መልስ የሚሰጡት በነጻ ስለ ሆነ ጊዜያቸው ሊከበር ይገባል ይላሉ፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን በሚዛኑ ላይ የሚወጣው የመላሹ ጊዜ ብቻ ነው። ጠያቂው ለኢንተርኔት የሚከፍለው ገንዘብ፥ ጥያቄውን በባዕድ ቋንቋ ለመጻፍ ያጠፋው ሌሊት፥ በማያውቃቸው ሊቃውንት ፊት ለመቆም የጠየቀው ድፍረት አይቈጠርም። «ሂድና መጽሐፉን አንብብ» የሚል ሻካራ መልስ ቢደርሰው እንዲያውም እንደ ውለታ እንዲቀበለው፥ ቆዳውንም እንዲያጠነክር ይመከራል። ቆዳው የጠነከረ ይቀራል፤ ሌላው ይሄዳል። የሄደው ደግሞ ለምን እንደ ሄደ ጽፎ ስለማይሄድ ጉዳቱ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም።

ደራሲዎቹን ላለመበደል በመጨረሻው ክፍላቸው ስለ መላሾች የጻፉትን መጥቀስ አለብን። መላሹ የዋህ እንዲሆን፥ የማያውቀውን አላውቅም እንዲል፥ መርዳት ካልቻለ እንዳያደናቅፍ ይመክራሉ። ምክሩ ያማረ ነው። ነገር ግን ለጠያቂው የተሰጠው ሕግ ገጽ በገጽ ሲዘረዘር የመላሹ ሕግ በመጨረሻ በጥቂት አንቀጾች ተጠቅልሎ ቀርቷል። ጀማሪን ወደ መመሪያው የሚልኩት ሰዎች ይህን የመጨረሻ ክፍል ራሳቸው ቢያነቡት ኖሮ አላላካቸው ሌላ በሆነ ነበር። በ2008 በጄፍ አትዉድና በጆኤል ስፖልስኪ የተከፈተው ስታክ ኦቨርፍሎው የተባለው ታላቅ የፕሮግራም ጥያቄዎች መዝገብ የዚህን ውጤት አይቷል። ጥያቄን መመዘኛ፥ የደካማውን መዝጊያ ሥርዐት አበጀ፤ በዚህም እጅግ የሚጠቅም ሀብት ተከማቸ። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ራሱ በ2018 ለአዲስ ገቢዎችና ለመሰሎቻቸው ቤቱ በጎ አቀባበል እንደማያደርግ በይፋ አምኖ የጠባይ ደንቡን ለወጠ።

ታዲያ ሥርዐት ከቀረ ትርምስ አይሆንምን? የሚል ይኖራል። መልሱን ለማግኘት ከተማሪያችን አገር መራቅ አያስፈልግም። ከተልተሌ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በዲሬ አገር «ቱላ ሰግላን»፥ ማለት ዘጠኙ ቱላ፥ የተባሉት የቦረና ጥልቅ የውሃ ጕድጓዶች አሉ። ውሃው የሚወጣው ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደራርበው ቆመው መቅጃውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ነው፤ ስለዚህ ድካሙ ብዙ ነው። መንጋ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢመጣ ጕድጓዱ ይበላሻል። በዚህም ምክንያት ተራ አለ፤ ተራውን የሚጠብቅ «አባ ሄሬጋ» የተባለ ሹም አለ። ሄሬጋ በኦሮምኛ ቁጥር፥ ስሌት ማለት ነው። ውሃ የሚጠቀም ሁሉ በጕድጓዱ ሥራ ይሳተፋል። ሆኖም ይህን ያህል ጥብቅ ሥርዐት ባለበት አገር ለተጠማ ሰው የሚጠጣው ውሃ አይከለከልም። እንግዳው የመንጋውን ተራ ገና ባያውቅም አስቀድሞ ይጠጣል፤ ተራውን ከዚያ በኋላ ይማራል።

ንጽጽሩ በሁሉ ነገር ልክ ነው አንልም። ውሃ በተቀዳ ቍጥር ይጎድላል፤ መልስ ግን አንድ ጊዜ በሚገባ ተጽፎ ከተቀመጠ ሺህ ሰው ቢያነበው አይጎድልም። እንዲያውም ይህ ልዩነት ለኛ ክርክር ይጠቅማል። የሚጎድለውን ውሃ የሚያካፍል ሕዝብ ካለ የማይጎድለውን መልስ በንቀት መስጠት ምን ምክንያት ይኖረዋል? ሥርዐትና ክብር አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ መመሪያው የሳተው ይህን ነው።

ሌላ ተቃውሞም ሊነሣ ይችላል። «በኅዳር 2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ቻትጂፒቲ ከተከፈተ ወዲህ ጀማሪ የሚጠይቀው መኪናውን ነው፤ ስለ ሰዎች ጠባይ መከራከር ምን ይጠቅማል?» የሚል አለ። መኪናው አይሰድብም፥ አይሰለችም፤ ስሙን ለማያውቁት ነገርም ስም ይሰጣል። በዚህ ረገድ የመጀመሪያውን ነቀፌታችንን በከፊል መልሶታል፤ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ የሚቀርበው ጥያቄም ከዚያ ወዲህ እጅግ ቀንሷል። ነገር ግን መኪናው እውነቱንና ስሕተቱን በአንድ ዐይነት ድምፅ ይናገራል። ስታክ ኦቨርፍሎው በታኅሣሥ 2022 በመኪና የተጻፉ መልሶችን የከለከለው ትክክል መስለው የተሳሳቱ ስለ በዙበት ነው። ባለሙያው ስሕተቱን ያበጥራል፤ ጀማሪው ማበጠሪያ የለውም። ከዚህም ሌላ የመኪናውና የተማሪው ንግግር በሁለቱ መካከል ይቀራል። በተልተሌ ዛሬ 1230 ያስደነገጠው ተማሪ ያገኘው መልስ ነገ በዚያው ወረዳ ለሚደነግጠው አይደርሰውም። መመሪያው «መፍትሔውን ተመልሰህ ጻፍ» ያለው ትእዛዝ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የመመሪያውን አጥንት ይዘን ሥጋውን ብንለውጥ ይሻላል። ለጠያቂው ረጅሙን ሕግ ከመስጠት ይልቅ አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ምን ፈለግህ? ምን ጻፍህ? ምን ጠበቅህ? ምን አገኘህ? እነዚህ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በአንድ ካርድ ላይ ታትመው በየኮምፒዩተር ክፍሉ ሊለጠፉ ይችላሉ። ለመላሹም በዚያው ልክ ሦስት ግዴታ ይሰጠው፦ የነገሩን ስም ይንገር፤ የሚገኝበትን ስፍራ ያመልክት፤ አንድ ርምጃ ብቻ ያሳይ። «ይህ የዐይነት ለውጥ ይባላል፤ በትምህርቱ በዚህ ምዕራፍ ታገኘዋለህ፤ አስቀድመህ የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ለውጠህ የሚሆነውን እይ» ቢለው ሥራውን አልሠራለትም፤ መንገዱን ግን ከፍቶለታል።

በመጨረሻም ይህ ነገር ለመንግሥት ዕቅድ ብቻ የሚተው አይደለም። በየኮሌጁ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ያሉ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ የሚጠየቁትን የጀማሪ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በአገር ቋንቋ እየመዘገቡ፥ የእንግሊዝኛውን ስያሜ በየጥያቄው አጠገብ እያኖሩ፥ ለሚመጡት ቢያስቀምጡ ወጪው የአንድ ደብተርና የጥቂት ሰዓት ነው። በዚህ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ገጽ «ሁለት ቁጥሮች ስደምር ለምን ይያያዛሉ?» የሚል ቢሆን ማንም አይሣቅ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ቁጥርን ከጽሑፍ መለየት እየጀመረ ነው፤ የፕሮግራም ትምህርትም የሚጀምረው ከዚያ ነው።